ግድግዳችንን ሲሚንቶ አታልብሱት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ክቡር የደብራችን አስተዳዳሪ፣ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤና የእድሳት ኮሚቴ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ከከተማችን ከጅማ፣ ከመርካቶና ከሄርማታ ሰፈር ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እናቶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ኮሚቴው «እንደ አንድ አሮጌ ግንበኛ ጥቂት ይናገሩና ሕዝቡን ያነሳሱልን» ብሎኛል። ማነሳሳቱን እንኳ ከእኔ ይልቅ መዘምራኑ ይችሉበታል። እኔ የቆምኩት ለአንድ ነገር ነው። በር ላይ በታደለችው ወረቀት ሦስተኛ ተራ ላይ «የውጭ ግድግዳውን በሲሚንቶ መለሰንና ቀለም መቀባት» የሚል ሰፍሯል። ለጣሪያውም ለወለሉም አቅሜ የፈቀደውን አዋጣለሁ። ለሦስተኛው ተራ ግን ስሙኒ አልሰጥም።

ለምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ፣ ስንወጣ በሰሜን በኩል፣ በወንዶች መግቢያ ይዙር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተቋራጭ መጥቶ በድንጋዮቹ መካከል የነበረውን አሮጌ ኖራ በመሮ ፍቆ አወጣና ቦታውን በሲሚንቶ ሞላው። ትዝ ይላችኋል፤ ያላጨበጨበ አልነበረም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ግድግዳው አዲስ የመሰለ ነበር። እኔ ያኔም ተናግሬያለሁ። «ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ የሲሚንቶ ነው» ተባልኩ። የመጀመሪያው ክረምት ደህና አለፈ። ቀጥሎ በድንጋዩ ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ አንዳንዶቻችሁ የእርግብ ኩስ መስሏችሁ በመጥረጊያ ጠረጋችሁት። ጨው ነበር። ከዚያ በኋላ የድንጋዩ ፊት መርገፍ ጀመረ። ዛሬ ሲሚንቶው ሳይነካ ቆሟል፤ ድንጋዩ ግን ወደ ውስጥ ጎድጉዶ በአንዳንድ ቦታ ሦስት ጣት ያስገባል። በጥር ወር ጠርዙን በአውራ ጣቴ ገፋ ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ከሥሩ ያለው ዱቄት እርጥብ ነው። በጥር እኮ ነው የምላችሁ፣ ሰማዩ ጠብ ባላደረገበት ወር!

አሁን ወደ ደቡቡ ግድግዳ ሂዱ። እሱን ተቋራጩ ገንዘብ አልቆበት አልነካውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠቁሯል፣ የድንጋይ ሽበት ወሮታል፣ ለፎቶ አይሆንም። ነገር ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ የጠራቢው መሮ ያረፈበት ምልክት፣ ሰረዝ ሰረዙ፣ እስካሁን ይቆጠራል። ድንጋዩ አንድ ነው፣ የወጣውም ከአንድ ጉድጓድ ነው፣ ዝናቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ሲሚንቶው ብቻ ነው።

ነገሩ ምትሃት የለውም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድንጋይ ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውን መልሶ መትፋት አለበት። ኖራ ውኃውን ያሳልፋል፣ ስለዚህ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል። ውኃው በድንጋዩ ፊት ለመውጣት ይገደዳል፤ የሟሟውን ጨው ይዞ ይመጣና ሲደርቅ ጨው እዚያው ከፊቱ ሥር ይጠጥራል፣ ያብጣል፣ ድንጋዩን ገፍቶ ይጥላል። የድሮ ግንበኞች ማያያዣው ከድንጋዩ ደከም እንዲል ያደረጉት ዐውቀው ነው። መጎዳት ካለ ኖራው ይጎዳ፤ ኖራ በየጊዜው ይተካል። ሰው የጠረበው ድንጋይ ከየት ይተካል?

ይህን ያስተማሩኝ አንድ የሄርማታ ሽማግሌ ናቸው፣ ሙስሊም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ገና ድንጋይ አቀባይ ሳለሁ ጥሬ ኖራ በበርሜል ውስጥ ሲያጠፉ አያለሁ። ውኃው ሲነካው ይንተከተካል፣ ይጨሳል፣ በርሜሉ አያስነካም። «ዓይንህን ጠብቅ፣ ራቅ በል!» ይሉኛል። ከጠፋ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ውኃ አልብሰውት ለወራት ይተዉታል። አሠሪው በየሳምንቱ እየመጣ «ኧረ ጨርሱ» ሲል እሳቸው ቡናቸውን ፉት እያሉ «አልደረሰም» ይላሉ። በኋላ ከጉድጓዱ ሲወጣ እንደምታውቁት ዓይነት ኖራ አይደለም፤ በማንካ ሲቆረጥ ተዝለግልጎ የሚቆም ነጭ ነገር ነው። አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ። ከሞሉት በኋላም እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ ብሎ ስለሆነ ፀሐይ እንዳያጣድፈው። ዛሬ ከተማችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ወጣት ግንበኛ ፈልጌ አጣሁ። ፈረንጅ አራዳን ብትዞሩ፣ አጂፕን ብትዞሩ ሲሚንቶ የሚያቦካ ሞልቷል።

«እርስዎ ብቻዎን ነዎት እንዲህ የሚሉት» ትሉኝ ይሆናል። ጎንደር ሂዱ። የፋሲል ግቢ ግንብ በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገነ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ ተተካ። ሁለት ጊዜ ወጪ! ላሊበላም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከዝናብ ይጠብቃል ተብሎ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የጣሊያናዊው አርክቴክት የሳንድሮ አንጀሊኒ ቡድን መጥቶ ያንኑ ሬንጅ ሲፍቅ ከረመ። ያደረጉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። እንደኛ ቸኩለው ነው።

የፓሪሱን ኖትርዳም ካቴድራል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2019 ሲቃጠል ሁላችሁም በቴሌቪዥን አይታችኋል። እናቶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ እዚሁ ጅማ። ብዙ ሰው ያላየው ግን ከእሳቱ በፊት የነበረውን ነው። ዝናቡን ከግድግዳው አርቀው የሚተፉት የአውሬ ምስል ያላቸው የድንጋይ አሸንዳዎች ተበልተው ወድቀው፣ በአንዳንዶቹ ቦታ የፕላስቲክ ቱቦ ተሰክቶ ነበር። የፕላስቲክ ቱቦ፣ በ1163 ሥራው በተጀመረ ካቴድራል ላይ! ከእሳቱ በኋላ ዓለም ገንዘቡን አፈሰሰ፤ በታኅሣሥ 2024 በሩ ተከፈተ። ስትራስቡርግ ግን ካቴድራሉን ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚጠግን የግንበኞች ወርክሾፕ አለው። እሳት አይጠብቁም፤ ዛሬ አንድ ድንጋይ፣ ነገ አንድ ድንጋይ። የጀርመን፣ የኦስትሪያ፣ የፈረንሳይ፣ የኖርዌይና የስዊዘርላንድ 18 እንዲህ ያሉ ወርክሾፖች እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

እኛስ? እኛ ሴራሚክ እንለጥፋለን! ይቅርታ አድርጉልኝ አባቶቼ፣ ግን ልናገረው። አያቶቻችን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡትን ጥርብ ድንጋይ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እያለበስን «አሳመርነው» እንላለን። ስሙን በእብነ በረድ ላይ ለማስቀረጽ መቶ ሺህ የሚሰጥ ሰው ሞልቶናል፤ አሸንዳ የሚያስጠርግ ግን የለንም! አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰን «ትልቅ ሠራን» ብለን የምንኩራራ፣ የፈረሰው ድንጋይ የማን አጥር እንደሆነ ግን የማንጠይቅ እኛው ነን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ዝናብ ሲፈራረቅበት «መንግሥት ይጠግነው» ስንል ኖርን። ይህኛው ግን የራሳችን ነው፤ የምናሳብብበት መንግሥት የለም።

ሌላውን በአጭሩ ልበል። አሸንዳው በየዓመቱ ከግንቦት በፊት ይጠረግ። በምዕራብ በኩል ከጣሪያው ሥር የበቀለችው የሾላ ችግኝ ሥር ሳትሰድ ትነቀል፤ በእጅ ብቻ አትጎትቷት፣ ድንጋዩን ይዛ ትመጣለች። ከሰሜኑ ግድግዳ ሲሚንቶው በእጅ መሮ ቀስ ተብሎ ይውጣ፣ በማሽን አይሁን። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚመጡ ልጆች ካሉ፣ ኖራ አጠፋፍንና አሞላልን ያለ ክፍያ አስተምራለሁ፤ የኖራ ጉድጓዱን የት እንቆፍር የሚለውን አስተዳዳሪያችን ይፍቀዱልን።

እንግዲህ ሣጥኑ ሊዞር ነው። ከመዞሩ በፊት ኮሚቴው ሦስተኛውን ተራ ይሰርዝልንና ገንዘቡ ለኖራና ለአሸንዳ መዋሉ እዚሁ በሕዝቡ ፊት ቃለ ጉባኤ ይያዝበት ብዬ እጠይቃለሁ። የሚቃወም ወንድም ካለ ማይክሮፎኑ ይኸውና፣ ይምጣ።