ጀልባው ስንት ሰዓት ይነሳል? ስለ ጣና ደሴቶች የጀልባ ሰዓትና ታሪፍ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ባለ ጀልባዎችና ካፒቴኖች፣ ከትራንስፖርትና ከከተማው አስተዳደር የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ የባሕር ዳር ወዳጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

ደቅ ደሴት ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አፉ ላይ አይጠፋም። «ጀልባው ስንት ሰዓት ይነሳል?» መልሱ ያው ነው፤ «ሲሞላ።» አባቴ ጠይቆ ይህን መልስ አግኝቷል። እኔም አግኝቻለሁ። ዛሬ ከተማ ለመማር የሚመጡት ልጆችም ይህንኑ ነው የሚሰሙት።

እዚህ የቆምኩት አንድ ነገር ለማለት ነው። የደሴት ሰው ከርካሽ ትኬት በፊት የታወቀ ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለ ዋጋው መነጋገር አለብን፣ እመጣበታለሁ። ሰዓቱ ካልታወቀ ግን ዋጋው ቢቀንስም ጥቅሙ እምብዛም ነው። የደሴት ሰው ገንዘቡ የሚያልቀው ጀልባው ላይ አይደለማ። ወደቡ ላይ ሲጠብቅ፣ ከተማ ውስጥ ሳያስበው ሲያድር ነው የሚያልቀው።

ደቅን ላልረገጣችሁ ትንሽ ላስረዳ። ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ። አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው። መነኮሳት ብቻ የሚኖሩባቸውም አሉ። ትልቁ ደቅ ነው። እርሻ አለው፣ ከብት አለው፣ ትምህርት ቤት አለው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ናት፤ ቱሪስቱ የሚያውቀን በእሷ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይኖርበታል። ከባሕር ዳር ያለው ርቀት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በአስፋልት ቢሆን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነበር። በባሕሩ ግን እንደ ጀልባውና እንደ ነፋሱ ነው። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይበላል።

ነፋሱን ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም። ብዙ ሰው የሰዓቱን ነገር የምቾት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። ባሕሩ ጠዋት ጠዋት ጸጥ ይላል። ከቀትር ወዲህ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይከብዳል። ይህን ደንገል አስሮ ታንኳ የሚቀዝፍ ሁሉ ያውቀዋል። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡት ባለ ታንኳዎች በሌሊት የሚነሱት ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ አስቡት። ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳ ጀልባ ነፋሱ ሳይመጣ ይገባል። «ትንሽ ይሙላ» ተብሎ 4 ሰዓት የተነሳው ግን ነፋሱን ባሕሩ መሀል ላይ ያገኘዋል። ያውም ከልኩ በላይ ጭኖ። ሲሞላ የሚነሳ ጀልባ ሲሞላ ብቻ አያቆምማ፤ ሁለት ሰው ሲጨመር እንደምንም ይጠጋጋል፣ ጆንያ ሲመጣ ሰው እላዩ ላይ ይቀመጣል። ላይፍ ጃኬቱ ለተፈቀደው ሰው ቁጥር ነው የተቆጠረው፤ ከዚያ በላይ የተሳፈረው ባዶውን ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰዓት ስንጠይቅ ነፍሳችንን እየጠየቅን ነው።

በማንጎ ወቅት ደቅ ቤተሰብ ጠይቄ ስመለስ አንዲት እናት ወደቡ ላይ አገኘሁ። ሁለት ጆንያ ማንጎ ይዛለች። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጣለች። ፀሐዩ ሲበረታ ነጠላዋን አውልቃ ጆንያዎቹን ሸፈነቻቸው፤ እሷ ራሷ በሻሽ ብቻ ቀረች። በየመሀሉ እጇን ትሰድና ማንጎውን ትዳስሳለች። የላላውን እያወጣች አጠገቧ ላሉት ልጆች ትሰጣለች። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። እሷ ግን እየቆጠረች ነው። አንድ ማንጎ በወጣ ቁጥር ፊቷ ላይ ሂሳቡን ታዩታላችሁ። በመጨረሻ ጀልባው ተነሳ። ባሕር ዳር ስንደርስ በጅምላ የሚገዙት ነጋዴዎች ሄደዋል። የቀሩት የፈለጉትን ዋጋ ጠሯት። ይዛው አትመለስ ነገር፣ ሸጠችው። በዚያ ሰዓት ወደ ደቅ የሚመለስ ጀልባ የለም። ለጀልባ ከፈለች፣ ለተሸካሚ ከፈለች፣ ለባጃጅ ከፈለች፣ ለማደሪያ ደግሞ ልትከፍል ነው። የጀልባውን ትኬት በግማሽ ብንቀንስላት ኖሮ ምን ያህል ይጠቅማት ነበር? ጠዋት 1 ሰዓት አንስተን፣ 8 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤቷ ብንመልሳትስ? መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

የማንጎው ነገር በገንዘብ ይመለሳል። የማይመለስም አለ። ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው በሽተኛ ማክሰኞ ጠዋት ለመድረስ እሁድ ከቤቱ ይወጣል። ቀጠሮው ካለፈው ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደሚያገኝ እናንተም ታውቃላችሁ። ምጥ የጠናባት ሴት ደግሞ ጭራሽ መጠበቅ አትችልም። ቤተሰቡ ጀልባ ኮንትራት ይይዛል። በሌሊት የተያዘ ኮንትራት ስንት እንደሚጠየቅ ልንገራችሁ? በሬ ያሸጣል። ላም ያሸጣል። ይህን ያየሁት በሰፈሬ ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ። የብስ ላይ ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ሚኒባሱ ታፔላ አለው። የት ወደ የት እንደሚሄድ ተጽፎበታል። ታሪፉ በኪሎ ሜትር ተሰልቶ ወጥቷል፣ መናኸሪያው ውስጥ ይለጠፋል። ረዳቱ ቢያስጨምር ተሳፋሪው «ታሪፉ ይኸው» ይላል፤ ተራ አስከባሪ አለ፣ ትራፊክ አለ። ሁሌ ይከበራል አልልም። የሚከራከሩበት ወረቀት ግን አለ። ወደ ደቅ የሚሄድ ሰው እጅ ላይ ይህ የለም። ዋጋው ሰዉ እየታየ ይነገራል። ለጥር ሥላሴ ንግሥ ሲሆን ሌላ ነው። ጭነት ሲኖር ደግሞ ለየብቻው ድርድር ነው። አንድ ኩንታል ዳጉሳ ስንት ይጫናል? አንድ በግስ? አንድ አልጋስ? የጠየቅኳቸው ሁሉ የተለያየ ቁጥር ነግረውኛል።

ባለ ጀልባዎቹ እዚህ ተቀምጣችኋልና ፊት ለፊት ልናገር። እናንተን ለመውቀስ አልመጣሁም። ነዳጅ ተሰልፋችሁ ነው የምታገኙት። ሞተር ሲበላሽ መለዋወጫው እዚህ አይገኝም። ስድስት ሰው ይዛችሁ ብትነሱ የነዳጁን እንኳ አትሸፍኑም። «ሲሞላ» የምትሉት ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ሂሳቡ እንደዚያ ስለሚያዝዛችሁ ነው። ስለዚህ በሰዓቱ ንሱ ብሎ ማስገደድ ብቻውን የትም አያደርስም። ባዶ ወንበሩን ማን ይክፈል የሚለውን መመለስ አለብን።

የእኔ መልስ ግልጽ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ይክፈለው። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄድ ሰው የአስፋልቱን ማሠሪያ ከትኬቱ ላይ አይከፍልም። መንገዱ የሁላችን ተብሎ ከሁላችን ግብር ነው የተሠራው። የደቅ ገበሬም ግብር ይከፍላል። የእሱ መንገድ ግን ባሕሩ ነው። ባሕሩን ማንም አልሠራለትም፤ የሚሻገርበትን ወጪ ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። ስዊድን ውስጥ መንገድ ውኃ ላይ ደርሶ ሲቆረጥ ቢጫ ቀለም የተቀቡ የመንግሥት ጀልባዎች ያሻግራሉ። እንደ መንገዱ አካል ስለሚቆጠሩ አብዛኞቹ ክፍያ የላቸውም። ስኮትላንድ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ለምዕራብ ደሴቶቿ ሌላ ስሌት አምጥታለች። ያንኑ ርቀት በመኪና ብትሄድ የምታወጣው ወጪ ይሰላል፣ የጀልባው ዋጋም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይወጣል። የክረምትና የበጋ የጉዞ ሰዓታቸውም አስቀድሞ ታትሞ ይወጣል። አየሩ ሲከፋ እነሱም ይሰርዛሉ፤ ግን መሰረዙን ይናገራሉ። እነሱ ሀብታም ናቸው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም ነጻ ጀልባ አልጠየቅኩም። የምጠይቀው በሳምንት ውስጥ ለታወቁ ጥቂት ጉዞዎች የጎደለው ነዳጅ እንዲሸፈን ነው። ይህን የሚያህል ነገር ከአቅማችን በላይ ነው ብዬ አላምንም።

ደግሞ እኛ ራሳችን ሰዓት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በጣሊያን ጊዜ ባሕሩ ላይ መደበኛ የመርከብ አገልግሎት ተጀምሮ ነበር። በኋላም ለብዙ ዓመታት መርከቡ በሳምንት አንዴ እሁድ ጠዋት ከባሕር ዳር ይነሳ ነበር። ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ እሰይ ደብርን፣ ደልጊን እየነካ፣ መንገድ ላይ አድሮ ሰኞ ጎርጎራ ይገባል። ቀርፋፋ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ለማንም አይበቃም። ቀኑ ግን ይታወቃል። ሰው ገበያውንም ለቅሶውንም በዚያ ቀን ያስተካክላል። እኔ ከዚያ አሠራር የምወደው ይህን ነው፣ ሌላው ቢቀር ቅር አይለኝም።

አሁን ደግሞ ጣናነሽ ሁለት መጥታልናለች። 188 ሰው የምትይዝ መርከብ ከጅቡቲ በመኪና ተጭና፣ ተራራ ወጥታ፣ ቁልቁለት ወርዳ ባሕር ዳር ስትደርስ አገሩ ሁሉ አብሯት ተጉዟል። እኔም በስልኬ በየቀኑ የት ደረሰች እያልኩ እከታተል ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል። ይችን መርከብ ያመጡ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ግን ትልቅ መርከብ ለብቻው የጉዞ ሰዓት አይሆንም። መርከቧ ጎርጎራ ለሚሄደው ጎብኚ ብቻ የምትነሳ ከሆነ ደቅ ላይ ያለው ሰው ከሩቅ ሲያያት ነው የሚውለው። ደቅ ላይ ትቁም። የምትቆምበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ።

የውኃው ነገርም አለ። በ1995 ዓ.ም. የባሕሩ ውኃ በጣም ወርዶ መርከቦች ለወራት መሥራት አቁመው ነበር። ዝናቡ አንሶ ነበር፣ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውም ውኃ ተጨምሮበት። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንዳንድ ዳርቻ ላይ ለጀልባ መጠጋት ችግር ሆኗል። ውኃ የሚለቁት መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸው የጀልባውን ሰዓት እንደሚነካ አስበው አስቀድመው ቢነግሩን መልካም ነው። ይህ ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም።

ዛሬ የምንፈልገውን ልናገር። ባሕር ዳርም ደቅም ወደቡ ላይ ሰሌዳ ይቁም። በትልቁ፣ በአማርኛ፣ የመነሻው ሰዓት፣ የሰው ዋጋና የጭነት ዋጋ ይጻፍበት። ጠዋት ከደቅ የሚነሳ ጀልባ ይኑር፤ ነፋሱ ሳይነሳ ሰውን የሚመልስ ደግሞ ከባሕር ዳር ይኑር። የቅዳሜ ገበያ ቀን በተለይ። ስድስት ሰው ቢሆንም በሰዓቱ ይነሳ። ጉዞ ሲሰረዝ ማታውኑ ለቀበሌው በስልክ ይነገር፤ ሰው በሌሊት ጆንያ ተሸክሞ ወደብ አይውረድ። ተማሪና የሐኪም ወረቀት የያዘ በሽተኛ በግማሽ ዋጋ ይሂዱ። ለወላድ አንድ ጀልባ በተራ ተረኛ ሆኖ ይደር፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ ዋጋው አስቀድሞ ታውቆ፣ ከፋዩም ወረዳው ሆኖ። የጀልባው የመጫን ልክ ጎኑ ላይ ይጻፍ። ማንም ተሳፋሪ ቆጥሮ «ሞልቷል» ማለት እንዲችል።

ከእኛ ከተሳፋሪዎችም የሚጠበቅ አለ። 1 ሰዓት ከተባለ 1 ሰዓት ነው። «አጎቴ እየመጣ ነው፣ ትንሽ ጠብቁት» ማለት ይቅር። እኔ አጎቴን ትቼ ለመሄድ ተዘጋጅቻለሁ፤ እሱም ለሚቀጥለው ቀን በሰዓቱ ይመጣል። ላይፍ ጃኬት ሲሰጠን እንልበስ፣ መቀመጫ አናድርገው።

የሦስት ወር የሙከራ ሰሌዳ ረቂቅ አዘጋጅተን ይዘናል፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። የመነሻ ሰዓቶቹ የተጻፉት በእርሳስ ነው። ባለ ጀልባዎቹ ከእኛ ይልቅ ባሕሩን ስለሚያውቁ ቅድሚያ እነሱ አይተው ያርሙት ብለን ነው። የነዳጁን ወጪ የሚመለከተው ገጽ ባዶውን ቀርቷል፤ እሱን ከቢሮው የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ከምሳ በፊት አብረን እንድንሞላው እለምናለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ካፒቴኖች፣ መድረኩ የእናንተ ነው።