ሠላሳ ዘጠኝ ቀለህ

ክቡራን አባቶቻችን የኮሪያ ዘማቾች፣ የተከበራችሁ የቤተሰቡ አባላት፣ የእድራችን ሰዎች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ንግግር የለመድኩ ሰው አይደለሁም። የአሠልጣኛችን ባለቤት እማማ ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ «በሙት ዓመቱ አንተ ትናገራለህ» ሲሉኝ፣ የእርሳቸውን ትእዛዝ እምቢ ያለ ሰው በዚህ ሰፈር ስለሌለ እሺ አልኩ። ጽፌ ነው የመጣሁት፤ መነጽሬ ካልከዳኝ አነበዋለሁ።

ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ ተማሪዎቻቸው ግን በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም። የኔታ ነበር የምንላቸው። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ስንገባ፣ እጃቸው ላይ ቀጭን የወይራ አርጩሜ ነበረች። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል እንደሚያስቆጥሩ መምህር በእርሷ ጫፍ ጠመንጃውን እየነኩ «ይህ ምንድነው?» ይላሉ። እኛ በአንድ ድምፅ «አፈሙዝ!» እንላለን። «ይህስ?» «ሰደፍ!» ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልተገኘላቸውም። አርጩሜዋ ሰው ላይ አርፋ አላየሁም።

አብዛኞቻችን ከሞፈርና ከቀንበር የመጣን ነን። ጦርነቱ ቸኩሏል፤ ምሥራቁም ሰሜኑም ይነዳል። ሌሎች አሠልጣኞች «ቶሎ! ቶሎ!» ይሉናል። የኔታ ብቻ አይቸኩሉም ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት አንዲት ጥይት ሳያስጨብጡን በባዶ ጠመንጃ በደረታችን አስተኝተውን ከረሙ። አፈሙዙ ላይ ስሙኒ ያስቀምጡና «ምላጩን ሳብ፤ ስሙኒዬን ከጣልክ ትከፍለኛለህ» ይሉናል። ደመወዝ ቢኖረን ኖሮ ሀብታም ይሆኑ ነበር።

አንድ ቀን ስሙኒው በወደቀ ቁጥር ላቡ የሚንቆረቆር አንድ ጓደኛችንን ጠየቁት። «ላም ታልባለህ?» «አዎ የኔታ።» «ጡቱን ትመነጭቃለህ?» «ኧረ! ትረግጠኛለች!» «ጠመንጃም ይራገጣል። እንደ ጡቱ ቀስ አድርገህ ጭመቀው፤ መቼ እንደሚተኩስ አንተም ሳታውቀው ይተኩስ።» ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ስሙኒ አልጣለም።

ዓይንንም ያስተማሩን እንዲሁ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያ አለ፣ የፊት ማነጣጠሪያ አለ፣ ዒላማ አለ። ዓይን ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው አጥርቶ የሚያየው። «የፊቷን ምረጥ፤ ዒላማው ይደብዝዝብህ» ሲሉን ጉድ አልን። ጠላት እየመጣ ብረት ማየት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ተኩሰን ስናየው ግን እውነታቸውን ነበር። ደግሞም ትንፋሽ አለ። «አውጥተህ ጨርስ። ሌላውን ከመሳብህ በፊት ያለችው ክፍተት ያንተ ናት። ካለፈችህ አትከተላት፤ ዓይንህ ይደክማል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ተወውና ከሥሩ ጀምር።» ሳይተኩስ ጠመንጃውን ዝቅ ያደረገ ሰው ሲያዩ ከኋላው ሄደው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉት ነበር። ዒላማ ለመታው እንኳ ያንን አላደረጉም።

ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? እርሳቸው የክቡር ዘበኛ ልጅ ናቸው። ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲሸኝ ገና ምልምል ነበሩ፤ የእርሳቸው ተራ የደረሰው በ1945፣ በሦስተኛው ቃኘው ነው። ቃኘው የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን እዚህ ያለን ሁሉ እናውቃለን፤ የኔታ ግን የራሳቸው ትርጉም ነበራቸው። «ክራርም ይቃኛል፣ ጫካም ይቃኛል። እኔን ኮሪያ ነው የቃኘችኝ» ይሉ ነበር።

የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። የአሜሪካኖቹ ኤም ዋን ስምንት ጥይት በአንድ ላይ ነው የሚጎርሰው፤ ሲጎርስ ጣቱን ፈጥኖ ያላነሣን ሰው ይነክሰዋል። «ኮሪያ ውስጥ መጀመሪያ ያቆሰለኝ የራሴ ጠመንጃ ነው» ብለው ይስቁ ነበር። የተዋጉበት ኮረብታ ፖርክ ቾፕ ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚው ሲነግራቸው፣ «የአሳማ ሥጋ ልንበላ ሳይሆን ልንሞትለት ነው እንዴ የመጣነው?» ያለ ጓደኛ ነበራቸው። ስሙን እስከ መጨረሻው ሲያነሡት ኖሩ። ያ ሰው አልተመለሰም።

እኛ ጎረምሶች ነበርንና ማወቅ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ገደሉ? አንድ ማታ እኔው ደፍሬ ጠየቅሁ። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ለቅኝት ስንወጣ ቆጠርኩ፤ ስንመለስ ቆጠርኩ። የወደቀውን በቃሬዛ፣ ቃሬዛ ሲጠፋ በጀርባችን አምጥተን ቆጠርኩ። ሌላ የቆጠርኩት የለም» አሉኝ። ኮሪያ ከዘመቱት ከ3 ሺህ 500 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 የሚበልጡት ወድቀዋል፤ አንድም ግን ተማርኮ በጠላት እጅ አልቀረም። ይህን ዛሬ ሁሉም ይናገረዋል። እኔ ግን ቁጥር ነው ብዬ አልሰማውም፤ በጨለማ ሰው የሚቆጥር የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ይታየኛል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሜዳልያዎች ስታልፉ ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ ጽሑፉ በአማርኛ ነው። ከ1966 በኋላ ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት የማያስመሰግንበት ዘመን ሲመጣ፣ እማማ በጨርቅ ጠቅልለው ሽሮ ማሰሮ ውስጥ ቀብረዋቸው ነበር። ሽሮው ብረት ብረት ይል እንደነበር ልጆቹ ይመሰክራሉ። ታጠቅ ሲያስተምሩን ደረታቸው ባዶ ነበር። ወደ ኋላ የተረፈ ቂም ካላቸው እኔ አልሰማሁም፤ ስለ ታኅሣሥ 1953ቱ የክቡር ዘበኛ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር ስጠይቃቸውም ወሬ ይለውጡ ነበር። ሁሉን ነገር ተናግረዋል ብዬ ላሞግሳቸው አልችልም።

አሁን የራሴን ልናገር፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

የኔታ ተኩስ ካለቀ በኋላ የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀለህ ያስለቅሙን ነበር። ስምንት ሰው፣ አምስት አምስት ጥይት፣ አርባ ቀለህ። ብርድ ልብስ ዘርግተው እየደረደሩ ይቆጥራሉ። የሥልጠናው መጨረሻ ቀን ሲቆጥሩ ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ነው። «አንድ ይቀራል» አሉን። በእንብርክካችን ሆነን እስኪጨልም ፈለግን። እርሳቸውም ካፖርታቸውን አውልቀው አብረውን ዳከሩ። ቀለሁ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያዬን አምስት በአምስት የመታሁበት ቀን ነበርና ለማስታወሻ ወስጄው ነበር። ሲፈልጉ አየሁ፤ አልተናገርኩም። በመጨረሻ «ሠላሳ ዘጠኝ» ብለው መዝገባቸው ላይ ጻፉና ሸኙን። ከዚያ እያንዳንዳችንን ጨበጡን፤ የእኔን እጅ ትንሽ አቆዩት።

ያችን ቀለህ ይዤ ዘመትኩ። ከስምንታችን የተመለስነው ሦስት ነን።

ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን እኔም እንደ ብዙው ባዶ እጄን ወጣሁ፤ ዘበኝነት ተቀጠርኩ። የኔታ አድራሻዬን አፈላልገው መጡ። በየሳምንቱ እሑድ ማታ ቆርቆሮዋ ቤት ገብተው በከሰሉ ዳር አብረውኝ ይቀመጡ ነበር፤ ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፣ ወይ ቆሎ ወይ ዳቦ። አንድ እሑድ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየውን ነገር አወጣሁላቸው። ሳቁ። «ኪስህን ስትነካ አይቼሃለሁ» አሉ። ታዲያ ለምን በጭቃ ያንከባልሉናል ብላቸው፣ «ትናገራለህ ብዬ እየጠበቅሁህ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ይዘሃት ና፤ መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው» አሉ።

ሳልወስድላቸው ቀረሁ። ዛሬ፣ ነገ፣ እንዲህ እያልኩ። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ልለያት አልፈለግሁም ነበር።

እማማ፣ መዝገቡን ከሳጥናቸው እንዳገኙት ነግረውኛል። ቀለሁ ይቺው ናት። በእርሳቸው ፈንታ እርስዎ ይረከቡኝ።