የጢስና የፀሐይ የእጅ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ፣ የሲጋራ ጢስና ፀሐይ የህዋሳችን የውርስ መመሪያ በሆነው ዲኤንኤ ላይ የሚያኖሩት ምልክት፣ ለሳምንታት በውስጤ ሲመላለስ ስለከረመ፣ ከሌላ ሰው ጋር ከመወያየቴ በፊት ብቻዬን ሆኜ አጥርቼ መናገር ነበረብኝ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም 15 ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው የሂንክስተን መንደር፣ ዌልካም ሳንገር የሚባል የጂኖም፣ ማለትም የሙሉው ዲኤንኤ፣ ምርምር ተቋም አለ። በዚያ ተቋም፣ ማይክል ስትራተን ይመሩት ከነበረው የካንሰር ጂኖም ፕሮጀክት የወጣ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የሁለት ሰዎችን ካንሰር ዲኤንኤ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ይፋ አደረገ። አንደኛው ሜላኖማ፣ ማለትም ለቆዳችን ቀለም ከሚሠሩት ህዋሳት የሚነሣ ካንሰር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር ነበር። ተመራማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ሰው ጤነኛ ህዋስና ከካንሰሩ ህዋስ የተገኘውን ዲኤንኤ ጎን ለጎን አድርገው ሲያመሳክሩ፣ በሜላኖማው 33,345፣ በሳንባው ካንሰር ደግሞ 22,910 ፊደላት ተለውጠው አገኙ፤ ዲኤንኤ የሚጻፈው ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ በሚባሉ አራት ፊደላት ነው። አንድ ከባድ አጫሽ በዕድሜው ያጨሰዋል ተብሎ የሚገመተውን የሲጋራ ብዛት ለሳንባው ቁጥር ሲያካፍሉት፣ በየ15 ሲጋራው አንድ ፊደል ተለውጧል እንደማለት ሆነ።

አባቴ በቀን አንድ ፓኮ ያጨሱ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ በረንዳው ላይ ካለችው የብረት ወንበር ይቀመጡና የክብሪቱን ቀፎ ጆሯቸው አጠገብ አስጠግተው ያንቀጫቅጩታል፤ ስንት እንጨት እንደቀረ በድምፁ ያውቃሉ ብዬ አምን ነበር። መተርኮሻቸው ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮ ነበረች፤ እሷን መድፋት የእኔ ሥራ ነበር። ልጅ ስለነበርሁ ከመድፋቴ በፊት ቁራጮቹን እቆጥራቸው ነበር። እናም ያንን ቁጥር ባነበብሁ ጊዜ በመጀመሪያ ፊቴ ላይ የመጣችው ቆርቆሮዋ ናት፤ ሙሉ ፓኮ በተጨሰበት ቀን አንድ ከሲሶ ፊደል እደፋ ነበር ማለት ነው።

በኋላ ግን ስሌቱን እንደ ሕግ መያዜ ልክ እንዳልነበረ ተረዳሁ። ግምቱ የተነሣው ከአንድ ሰው ዕጢ ብቻ ነበር። ስትራተን እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ካንሰሮችን አመሳክረው ባወጡት ጥናት፣ በቀን አንድ ፓኮ ለአንድ ዓመት ማጨስ በእያንዳንዱ የሳንባ ህዋስ ላይ በአማካይ 150 ያህል ለውጦችን እንደሚያከማች ገለጹ፤ ይህ ሲሰላ በየ50 ሲጋራው አንድ ያህል ነው። የኋለኛው ቁጥር ለአባቴ የሚራራ መስሎኝ ለጥቂት ቀናት ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቃችሁም። ነገር ግን «በእያንዳንዱ ህዋስ» የሚለውን ቃል ዘልዬው ኖሯል።

ከቁጥሩ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት አንድን መጽሐፍ ማን እንደገለበጠው፣ ጸሐፊው ስሙን ባያኖር እንኳ፣ ከግድፈቱ ሊለዩት ይችላሉ። አንዱ ጸሐፊ ሠ በሚገባበት ሰ እየጻፈ ያልፋል፣ ሌላው ዓይኑ ሲደክም መስመር ይዘላል። የሂንክስተን ተመራማሪዎች በዲኤንኤ ላይ ያዩትም ይህንኑ ነው፤ ፀሐይና ጢስ የሚሳሳቱት በየራሳቸው ልማድ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደላትን ያጣብቃቸዋል፤ ህዋሱ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ሲ የነበረው ፊደል ቲ ሆኖ ይጻፋል፣ አንዳንዴም ሁለት ተከታታይ ሲዎች ባንድ ጊዜ ወደ ሁለት ቲ ይለወጣሉ። በሲጋራ ጢስ ውስጥ ያሉት እንደ ቤንዞፓይሪን ያሉ ኬሚካሎች ደግሞ ጂ በሚባለው ፊደል ላይ ይለጠፋሉ፤ ገልባጩ ኢንዛይም እዚያ ሲደርስ በአብዛኛው በጂ ፈንታ ቲ ይጽፋል። አራሚም አለ፤ ህዋሱ አዘውትሮ በሚያነባቸው ጂኖች፣ ማለትም በዲኤንኤው የትእዛዝ ክፍሎች፣ ላይ ጥገናው ስለሚበረታ፣ ግድፈቱ እምብዛም በማይነበቡት ክፍሎች ይበዛል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ7,042 ካንሰሮች 21 ዓይነት የእጅ ጽሑፎችን ለይቶ አውጥቷል፤ የአንዳንዶቹ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን በጊዜው አልታወቀም።

ይሁንና የእጅ ጽሑፍ ሁልጊዜ ዋናውን ጥፋተኛ አያሳይም። ይኸው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2002 ብራፍ የሚባል ጂን በብዙ ሜላኖማዎች ላይ ተለውጦ እንደሚገኝ አሳይቶ ነበር፤ ዛሬ ከሜላኖማዎች ግማሽ ያህሉ ይህን ለውጥ እንደሚይዙ ይታወቃል። በጂኑ ውስጥ አንድ ፊደል ሲለወጥ፣ ህዋሱ ተባዛ የሚለው ትእዛዝ እንደበራ ይቀራል። በዚህ ግኝት ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ቬሙራፌኒብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዕጢውን በአስገራሚ ፍጥነት ያሟሽሸዋል፣ በብዙ ሕሙማን ላይ ግን በሽታው ከወራት በኋላ ይመለሳል። ይህ በጣም የታወቀው ለውጥ ቲን በኤ የተካ ነው፤ ያም የተለመደው የፀሐይ ግድፈት አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ የፀሐይ ስህተቶች መካከል ዋናዋ ስህተት በሌላ እጅ የተጻፈች ትመስላለች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

ስለ ሜላኖማ ስናወራ «ይህ የነጮች በሽታ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጨረር የተሻለ ከለላ እንዳለው እውነት ነው። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ግን ሜላኖማ በአብዛኛው የሚነሣው ፀሐይ በማይበዛበት በእግር መዳፍ፣ በእጅ መዳፍና ከጥፍር ሥር ነው። በዚህ ዓይነቱ ሜላኖማ ውስጥ የፀሐይ የእጅ ጽሑፍ እምብዛም አይታይም፤ ነጠላ ፊደል ከመለወጥ ይልቅ ሙሉ ገጾች ተቀደው ያለ ቦታቸው እንደተሰፉ ያህል ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ክሮሞሶሞች መዘበራረቅ ይበዛበታል። ቦብ ማርሊን የገደለው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ተገኝቶበት፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። 60ኛ የልደት ዓመቱ መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር እኔም ከሕዝቡ መካከል ነበርሁ፤ በምን እንደሞተ ግን ያን ቀን አላውቅም ነበር። ከጥፍር ሥር የወጣች፣ የማትጠፋና የምትሰፋ ጥቁር መስመር ሐኪም ሊያያት እንደሚገባም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ወደ አባቴ ልመለስ። ካቆሙ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ለማቆም ባመነቱበት ዘመን የሚያነሡት መከራከሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ «የገባው ገብቷል፣ አሁን ባቆም ምን ሊጠቅመኝ?» ይሉ ነበር። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ያነበብሁት ሁሉ እሳቸውን የሚደግፍ ይመስል ነበር፤ የተለወጠ ፊደል ተመልሶ አይታረምምና።

እ.ኤ.አ. በ2020 የዚያው ተቋም ተመራማሪ ፒተር ካምቤልና ባልደረቦቻቸው ከ16 ሰዎች የመተንፈሻ ቧንቧ የተወሰዱ ህዋሳትን አንድ በአንድ አነበቡ። በሚያጨሱት ሰዎች ላይ አብዛኛው ህዋስ በትንባሆ ግድፈት የተሞላ ነበር። ማጨስ ባቆሙት ላይ ግን እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ህዋሳት ጨርሶ አጭሶ ከማያውቅ ሰው ህዋስ ጋር የሚቀራረቡ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከሚያጨሱት ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ነው። የተበላሹት አልታረሙም። ያልተነኩት በዝተው ቦታውን የያዙ ይመስላል።

ይህን ባለፈው እሑድ በዚያው በረንዳ ላይ ለአባቴ ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሳጨስ እነዚህ ህዋሳት የት ተደብቀው ነበር?» አሉኝ። ተመራማሪዎቹም የሚጠይቁት ይህንኑ እንደሆነ፣ ምናልባትም ጢሱ በማይደርስበት ጥግ የተኙ ግንደ ህዋሳት፣ ማለትም ሌሎች ህዋሳትን የሚያፈሩ ህዋሳት፣ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አስረዳኋቸው። አባቴ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው የተመራማሪውን የካምቤልን ስም እንድጽፍላቸው ሰጡኝ፤ ጽፌ ስመልስላቸው ጥቂት አዩትና፣ «ይኼማ አይነበብም» ብለው ከሥሩ ራሳቸው ደግመው ጻፉት።