መጀመሪያ የተጠየቀውን እንመልስ

ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አላችሁ።

ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ጥያቄ ነው። ፓስካል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ የጀመረ ሰው ኮዱ እምቢ ሲለው ወደ እኛ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ ግን «እስካሁን በፓስካል ትጽፋለህ? ለምን ወደ ፓይተን አትሄድም?» የሚል ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ጠያቂው ፕሮግራሙ ለምን እንደቆመበት ነው የጠየቀው። ቋንቋ ምረጡልኝ አላለም። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ ጠያቂው እንዲህ ከተሸማቀቀ ግን ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። መጀመሪያ የተጠየቀውን እንመልስ። ሌላ ምክር ካለን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ፓስካል እኮ ከመነሻውም ተማሪ ታስቦ የተሠራ ቋንቋ ነው። ኒክላውስ ቪርት ዙሪክ ውስጥ ሲያስተምር ቀረጸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ አደረገው። ስሙን ከፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ከብሌዝ ፓስካል ወሰደለት። ፕሮግራም መጻፍን በሥርዓት ለማስተማር የሚመች ቋንቋ ነበር የፈለገው። በ1984 በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቅ ስም ያለውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2024 መጀመሪያ ላይ በ89 ዓመቱ አረፈ። እንዲህ ባለ ሐሳብ የተወለደ ቋንቋ ይዞ የመጣን ተማሪ ማሳፈር በፍጹም አይገባንም።

ወደ ተጨባጩ ነገር ልግባ። ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «400ን በ100 ሳባዛ 40000 መምጣት ሲገባው ከዜሮ በታች 25536 ይለኛል። ኮምፓይለሩ ተበላሽቶ ነው?» ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚረዳው የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ደህና ነው። ከፓስካል ኮምፓይለሮች አንዱ በሆነው በቱርቦ ፓስካል ኢንቲጀር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር መያዣው፣ ስፋቱ 16 ቢት ነው። ወደ ላይ ከ32767 በላይ አይይዝም። 40000 ሲመጣበት ይሞላና ከሌላኛው ጫፍ ይጀምራል፤ 65536 ተቀንሶበት ኔጌቲቭ ሆኖ ይወጣል። ሌላው ኮምፓይለር ፍሪ ፓስካልም በመደበኛው ሞድ፣ ማለትም በተለመደው የአሠራር ምርጫው፣ ኢንቲጀርን 16 ቢት ያደርገዋል። ሞዱን ወደ ዴልፊ ስትቀይሩት ግን ያው ኢንቲጀር 32 ቢት ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ ፊደል ያልተለወጠ ኮድ አንዱ ጋ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፣ ሌላው ጋ ይሳሳታል። ታዲያ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መመለስ ለጠያቂው ምን ይጠቅመዋል? መቅደም ያለበት «የትኛው ኮምፓይለር ነው? በየትኛው ሞድ?» የሚለው ነው። ቀጥሎ ቁጥር ከልኩ ሲያልፍ ፕሮግራሙን በኤረር የሚያስቆሙትን፣ ሬንጅ ቼክና ኦቨርፍሎው ቼክ የሚባሉትን፣ እንዲያበራ ንገሩት። እነሱ ካልበሩ ፕሮግራሙ የተሳሳተውን ቁጥር ይዞ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ጀማሪ ሰው ደግሞ እነዚህ ነገሮች መኖራቸውን እንኳ በምን ያውቃል?

ይህ ሁሉ ዓይነት የመጣው ቋንቋው ብዙ እጅ ስላለፈ ነው። በ1983 ቱርቦ ፓስካል ከቦርላንድ ኩባንያ ወጣ፤ ዋናው ሠሪው አንደርስ ሄልስበርግ ነበር። በ1995 ከዚያው ኩባንያ ዴልፊ ተከተለ። ፍሪ ፓስካልን ፍሎሪያን ክሌምፕፍል በ1993 ጀመረው፤ ዛሬም በጎ ፈቃደኞች ያሳድጉታል። በፍሪ ፓስካል ፕሮግራም መሥሪያው ላዛረስ በ1999 መጣ። ሁሉም ፓስካል ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ጠያቂው የያዘው መጽሐፍ ስለ አንዱ እያወራ፣ ማሽኑ ላይ የጫነው ሌላው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ። አንድ የድሮ የቱርቦ ፓስካል ፕሮግራም ፈጠን ያለ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ገና ሳይጀምር «ራንታይም ኤረር 200» ብሎ ጥርቅም ይላል። ትርጉሙ ለዜሮ ማካፈል ነው። ጠያቂው ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያገላብጣል፤ ማካፈል የሚባል ነገር የለበትም። ችግሩ ያለው ሲአርቲ በሚባለው ዩኒት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በሚጠራው ዝግጁ የኮድ ክፍል፣ ውስጥ ነው። ይህ ዩኒት ዲሌይ የሚባለው ትእዛዝ በልኩ እንዲጠብቅ ብሎ ፕሮግራሙ ሲነሳ የማሽኑን ፍጥነት ይለካል። ምንም የማይሠራ ድግግሞሽ (ባዶ ሉፕ) ያዞራል። በአንድ የሰዓት ምት፣ ማለትም በ55 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥርና ለ55 ያካፍለዋል። ኮምፒውተሮች እየፈጠኑ ሲመጡ ውጤቱ በ16 ቢት አልያዝ አለ። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ለዜሮ ሲካፈልም፣ የማካፈል ውጤት ከቦታው ሲተርፍም የሚሰጠው ምልክት አንድ ነው። ለዚህ ነው የትም ዜሮ ሳይኖር መልእክቱ ዜሮ የሚለው።

ይህን ከመልእክቱ ብቻ ተነስቶ የሚገምት ጀማሪ የለም። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ግን ምክንያቱን ጻፉት፤ ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀን ፕሮግራም ሳይቀር የሚጠግኑ ትንንሽ መሣሪያዎች ሠርተው በነጻ በተኑ። እናንተ የቆያችሁ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ እውቀት ጭንቅላታችሁ ውስጥ ብቻ ተቀምጧል። እባካችሁ ጻፉት። የተስተካከለውን ኮድ ብቻ ወርውራችሁ አትሂዱ፤ ለምን እንደተበላሸም ጨምሩበት።

ቀላል ለሚመስለውም ያው ነው። «ካልሆነ» ከሚለው ቃል ከኤልስ በፊት ሴሚኮለን (;) ገብቶ ኮምፓይለሩ ይጮሃል። «አጥፋው» ብለን እናልፋለን። አንድ መስመር ብንጨምርስ? በፓስካል ሴሚኮለን ሁለት ትእዛዞችን መለያ ነው። ኢፍ («ከሆነ») ከነኤልሱ አንድ ትእዛዝ ስለሆነ መሃሉ ላይ አይለያይም። ይህችን የሰማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ያስተካክለዋል።

ጠያቂዎችም የድርሻችሁ አለ። ኮዱን በጽሑፍ ላኩ፤ የስክሪን ፎቶ መገልበጥም መሞከርም አይመችም። ኤረሩን ቃል በቃል አምጡ፤ «አልሠራ አለኝ» ብቻ አትበሉን። ኮዱ ረጅም ከሆነ ችግሩ እስካልጠፋ ድረስ ቀንሱት። ብዙ ጊዜ እየቀነሳችሁ ሳለ መልሱ እዚያው ይገኛል። የቤት ሥራ ከሆነም በግልጽ ንገሩን። ያኔ ሙሉውን ከመጻፍ ይልቅ የተያዛችሁበትን ቦታ እናሳያችኋለን፤ ያ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አዎ፣ ሌላ ቋንቋ የሚሻልበት ሥራ አለ። እሱንም በቅንነት መናገር ተገቢ ነው። ጠያቂው መልሱን ካገኘ በኋላ ይነገረው፤ ያኔ ተረጋግቶ ይሰማል።

ቀጣዩ ሰዓት የጥያቄ ነው። ኮድ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደፊት ኑ። ስክሪኑ ላይ እናወጣዋለን። ኮምፓይለሩንና ሞዱን ንገሩን፤ ኤረሮቹ ብዙ ከሆኑ ከመጀመሪያው እንነሳ፤ የታችኞቹ ብዙ ጊዜ እሱ የወለዳቸው ናቸው። አመሰግናለሁ።