«ቪዲዮው አለቀ፤ እኔ ግን ባዶ ነኝ»

ዲግሪያቸውን በኦንላይን የሚከታተሉ የወሎ አድማጮች በስልክ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የትምህርት አማካሪው የሰጡት መልስ።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከደሴ፣ ከፒያሳ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ የማኔጅመንት ትምህርቱን በቪዲዮ ሦስት ጊዜ አየዋለሁ። ጠዋት ግን ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ዕድሜ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የአምናውን የሒሳብ ጉድለት ከነቀኑ የሚያስታውስ ጭንቅላት በዕድሜ አይከሰስም። ደጋግመን ያየነው ነገር ይለመደናል፤ የለመድነውን ደግሞ ያወቅነው ይመስለናል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት፣ ሌላውን ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉት አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ጽፈው ከሞከሩት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ።

እንግዲህ ቪዲዮውን አንዴ ይዩ፤ ስልኩን ዘግተው የገባዎትን በአማርኛም ቢሆን ወረቀት ላይ ያውርዱ። መልሰው የሚያዩት የጠፋብዎትን ቦታ ብቻ ነው። በማግስቱ ቡና ሲያፈሉ፣ ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ፣ ለጎረቤት ያስረዱት። ጎረቤትዎ «አልገባኝም» ካሉ አይቀየሟቸው፤ ያልገባዎት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። የምማረው ከውጭ አገር ነው። የቤት ሥራ ማስረከቢያው «11፡59 ፒኤም» ስለሚል ከሌሊቱ 11፡59 መስሎኝ ሳልተኛ አደርኩ። 11፡30 ላይ ልልክ ስል ተዘግቶ አገኘሁት። ኔትወርኩም ያስቸግረኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ሰዓት ብዙ ሰው አቃጥሏል። የእነርሱ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ «11፡59 ፒኤም» ማለትም ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ መታየት አለበት። በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ፣ ከሆነ በእኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው፤ አንተ ልትልክ የሞከርኸው ሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። የኒውዮርክ ከሆነ ግን በበጋቸው ከንጋቱ 12፡59፣ በክረምታቸው 1፡59 ይሆናል፤ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ያዛውራሉና። በእኛ አቆጣጠር ቀይረህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፤ አንድ ቀን ቀድመህም አስረክብ።

መልስህን እዚያው ድረ ገጹ ላይ አትጻፍ። ስልክህ ማስታወሻ ላይ ጨርሰህ ገልብጠው፤ መስመሩ ቢቋረጥ ድካምህ አብሮ አይጠፋም። ቪዲዮ ኔትወርክ ሲገኝ አውርድ፤ ዝቅተኛው ጥራት ይበቃል፣ የመምህሩን ጺም አትቆጥር። ስትልክ ደግሞ «ደርሷል» የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሥተህ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው። ዲግሪው ተቀባይነት እንዳለው በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ሳይከፍሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ይጠይቁ። የአገር ውስጥ ተቋማትን ፈቃድም ሆነ የውጭ ዲግሪዎችን አቻ ግምት የሚመለከተው እርሱ ነው። «ተቋሙ ፈቃድ አለው» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ እርስዎ ለሚማሩት መስክና ለኦንላይኑም ጭምር መሆኑን ያረጋግጡ። መዝጋቢው ይህን ሲጠየቅ ካድበሰበሰ ገንዘብዎ ኪስዎ ውስጥ ይቆይ።