ተከታታይ ድራማ በመጀመሪያው ክፍል እንዴት ይይዘናል?

[ምስል፦ በረሃ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ሱሪ]

ሱሪ ነው። ሰው የሌለበት ባዶ ሱሪ። በበረሃ ሰማይ ላይ እየተንሳፈፈ ይወርድና አቧራማ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ገና ከማረፉ የመኪና ጎማ ይጨፈልቀዋል። መኪናው አልጋና ማብሰያ ያለው ትልቅ የጉዞ መኪና ነው፤ ፍሬን እንደሌለው ይከንፋል። የሚነዳው ሰው በውስጥ ሱሪ ብቻ ነው፤ ፊቱ ላይ የጋዝ መከላከያ ጭንብል አጥልቋል። አጠገቡ ሌላ ባለ ጭንብል ራሱን ስቶ ተደፍቷል። ከኋላ ወለሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ተዘርረዋል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ።

መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ይቆማል። ሰውየው ወርዶ ሸሚዙን ይለብሳል። አስተውሉ፣ ሱሪ የለውም፤ ሸሚዝ ግን ይለብሳል! ከዚያ በቪዲዮ ካሜራ ለሚስቱና ለልጁ የስንብት ቃል ይቀርጻል። ሳይረን እየቀረበ ይመጣል። ሽጉጡን ወደ ድምፁ አነጣጥሮ መንገዱ መሀል ይቆማል።

እዚህ ላይ ተቆረጠ። የድራማው ርዕስ ወጣ።

ይህ የ«ብሬኪንግ ባድ» የመጀመሪያ ክፍል መክፈቻ ነው። በ2008 ኤኤምሲ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ የተላለፈ፣ የቪንስ ጊሊጋን ሥራ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ከአንዱ በስተቀር፣ እሱ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ሰላም ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው። አንዳንዱን ድራማ ከፍተን ሃያ ደቂቃ ሳንቆይ ስልካችንን እናነሳለን፤ ሌላውን ከፍተን ሌሊቱ ይነጋብናል። ልዩነቱ የት ነው? የእኔ መልስ አንድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ደጋግሜ እለዋለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ሥራው እኛን ማስደነቅ አይደለም። ሥራው ሁለተኛ ቀጠሮ ማግኘት ነው።

ቀጠሮ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሽምግልናን አስቡ።

እሑድ ማለዳ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው የልጅቷን አባት ደጅ ቆመዋል። አባት ይወጣሉ። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? «የለም፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም።» ይህችን ዓረፍተ ነገር እስኪ ልብ በሏት። አባትየው ጉዳዩን ያውቁታል፤ ከሳምንት በፊት ሹክ ተብሎላቸዋል። እናትየውም ያውቃሉ፤ ልጅቷም በመጋረጃው ሥር እየሰማች ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ባለመቀመጣቸው ብቻ ቤቱ ውስጥ ውጥረት ነገሠ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም። ሦስት ሰዎች አልቀመጥም አሉ፤ በቃ፣ ድራማ ተጀመረ።

ቀጥሎ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ ቃል ይጀምራሉ። የቤቱን ክብር ያነሳሉ፤ የልጁን ወገን ይናገራሉ፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ። ከዚያ በአጭሩ «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላሉ። አባትየውስ? እሺ አይሉም፣ እምቢም አይሉም። «ከዘመድ እንምከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይላሉ። ሽማግሌዎቹም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ለምን ደስ አላቸው? ሙሽራይቱን ይዘው አልሄዱም እኮ! ደስ ያላቸው የመጡበትን ስላገኙ ነው። የመጡት ለቀጠሮ ነበር።

አሁን ደግሞ ሽምግልና የማይችል ሽማግሌ አስቡ። አንዱ ዓይነት ገና በሩ ላይ የልጁን ቤት፣ የልጁን መኪና፣ የደመወዙን መጠን፣ የአጎቱን የውጭ ኑሮ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፋል። የአባትየው ጆሮ ይሞላል፤ የሚጠየቅ ነገር አይቀርም። ሌላው ዓይነት ግማሽ ሰዓት ይመርቃል፣ ይተርታል፣ ያስቃል፤ ግን ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገር ይጨርሳል። ሁለቱም ቀጠሮ አያገኙም። ሁለተኛውን አደራ አትርሱት፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛም አለ። ጥሩ ሲናገር የነበረው ሽማግሌ በንግግሩ መሀል ብድግ ብሎ ቢሄድስ? «ሎስት» የተባለው የአሜሪካ ድራማ ደራሲዎች ይህን ሊያደርጉ ነበር። ጃክ የተባለውን ሐኪም፣ ከአውሮፕላኑ አደጋ የተረፉትን ሰዎች የሚያስተባብረውን ሰው፣ በመጀመሪያው ክፍል መሀል ሊገድሉት አስበው ነበር። ለሚናው የታሰበው እንደ ማይክል ኪተን ያለ ዝነኛ ተዋናይ ነበር፤ ድንጋጤው እንዲበረታ። ድራማውን ያሠራው የኤቢሲ ጣቢያ ኃላፊዎች ተቃወሙ፤ ተመልካቹ ያመነውን ሰው ከነጠቃችሁት ሁለተኛ አያምናችሁም ነው ነገሩ። ጃክ ከሞት ተረፈ፤ በ2004 ድራማው ሲጀመርም ማቲው ፎክስ ተጫወተው። በእኔ እምነት ኃላፊዎች ለደራሲ ከሰጡት ምክር ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

ቴክኒኩን በፍጥነት ልለፈው፤ አብዛኞቻችሁ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። በአሜሪካ ጣቢያዎች የመጀመሪያው ክፍል ብዙ ጊዜ የሙከራ ክፍል ነው፤ እሱ ብቻ ይቀረጻል፣ ኃላፊዎች ያዩታል፣ ከወደዱት ሌሎቹ ይታዘዛሉ። ከርዕሱ በፊት አጭር መክፈቻ፣ ከዚያ በማስታወቂያ የተከፋፈሉ ምድቦች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ምድብ ማስታወቂያው ከመግባቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይከፍታል። እንደ ኔትፍሊክስ ባለው የኢንተርኔት መድረክ ግን እስከ 2022 ድረስ ማስታወቂያ ስላልነበረ ጥያቄዎቹ ወደ ክፍሉ መጨረሻ መሰብሰብን ለመዱ፤ የሚቀጥለው ክፍል በራሱ ይጀምራላ። ቴክኒኩ ይኸው ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ።

[ምስል፦ የተመልካቾች አስተያየት]

ስለዚህ ርዕስ እንደምሠራ ከተናገርኩ ጀምሮ አንድ ዓይነት አስተያየት ተደጋግሞ መጥቷል። «ቀላል ነው፤ በፍንዳታ ወይም በግድያ ከጀመረ ይይዛል» የሚል። «ስኩዊድ ጌምን አታይም? ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ አይደል የያዘን?» የሚልም አለ። ውድ ተመልካቾቼ፣ ይህን እንዲሁ ማለፍ አልችልም። በዚህ እምነት የተሠሩ፣ መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ሽጉጥ የሚተኮስባቸውና አምስተኛው ደቂቃ ላይ የምንተዋቸው ድራማዎች በዝተውብናል።

ከስኩዊድ ጌም እንጀምር። የ2021 የደቡብ ኮሪያ ሥራ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት 142 ሚሊዮን የኔትፍሊክስ ደንበኛ ቤተሰቦች እንዳዩት ድርጅቱ አስታውቋል። የመጀመሪያውን ክፍል አሁን መልሳችሁ ክፈቱት። ሰው የሚረግፈው መቼ ነው? ከክፍሉ ግማሽ በላይ ካለፈ በኋላ! እስከዚያ ድረስ የምናየው አንድ ዕዳ የበዛበት አባትን ነው። የእናቱን ገንዘብ ይሰርቃል። በፈረስ ውድድር ይወራረዳል፣ ያሸንፋል፣ ያሸነፈውን ኪስ አውላቂ ይወስድበታል። የልጁ ልደት ነው፤ ስጦታ መግዣ የለውም። ከጨዋታ ማሽን የተሸፈነ ሣጥን ያወጣላትና ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ ይሰጣታል። ልጅቷ ስትከፍተው ሽጉጥ የሚመስል ላይተር!

ያቺ ትዕይንት ናት የያዘችን። የሴት ልጁን ፊት አይተናል፤ የእሱንም ኀፍረት አይተናል። በኋላ ሜዳው ላይ ከ456 ተጫዋቾች መካከል ሲቆም የምንንቀጠቀጠው ለ456ቱ አይደለም፤ ለዚያ ለላይተሩ አባት ነው። የተቀሩት ቢያልቁ ቁጥር ናቸው። በዚያ ጨዋታ ማብቂያ 201 ሰዎች ቀርተዋል፤ ከሞቱት መካከል የስንቱን ስም ታስታውሳላችሁ?

«ጌም ኦቭ ትሮንስ» ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ነው። በ2011 በአሜሪካው ኤችቢኦ ጣቢያ የታየው የመጀመሪያ ክፍል በመጀመሪያ የተቀረጸው አይደለም። የድራማው ፈጣሪዎች ዴቪድ ቤኒኦፍና ዲ. ቢ. ዋይስ በ2009 የሙከራውን ክፍል አስቀርጸው ለጥቂት የሙያ ጓደኞቻቸው አሳዩ። ቤተ መንግሥቱ አለ፣ ሰይፉ አለ፣ በረዶው አለ። የታሪኩ ትልቅ ምት ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ትንሽ ልጅ ማማ ላይ ሲንጠላጠል ንግሥቲቱንና መንታ ወንድሟን አብረው ተኝተው ያያል፤ ወንድምየው ልጁን ከመስኮቱ ገፍትሮ ይጥለዋል። ይህ ያላስደነገጠ ምን ያስደነግጣል?

ጓደኞቻቸው አልደነገጡም። ለምን? ንግሥቲቱና ሰውየው እኅትና ወንድም መሆናቸው አልገባቸውም ነበር!

የማን ልጅ እንደሆነ ሳይናገሩ የጨረሱት ሽማግሌ ትዝ አሏችሁ? እነሆ። አብዛኛው ክፍል እንደ አዲስ ተቀረጸ። ዳይሬክተሩ ተቀየረ፣ ሁለት ዋና ተዋናዮች ተቀየሩ፤ ኤሚሊያ ክላርክ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። በታየው ቅጂ ላይ የንጉሡ አጀብ የልጁ ቤተሰብ ወደሚኖርበት ግንብ፣ ወደ ዊንተርፌል፣ ሲገባ የልጁ እኅት ትንሿ አርያ ወደ አንዱ ፈረሰኛ እያየች የንግሥቲቱ መንታ ወንድም እሱ መሆኑን ለእኅቷ ትናገራለች፤ እኅቷም ዝም በይ ትላታለች። የልጅ ወሬ ነው። ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ባትኖር መስኮቱ ላይ የሚሆነው ነገር ሁሉ ባዶ ነበር።

ያንን የመጀመሪያ ቅጂ ካዩትና ትልቅ ችግር እንዳለበት በግልጽ ከነገሯቸው ሰዎች አንዱ ክሬግ ሜዚን ይባላል። ይህ ሰው ከዓመታት በኋላ፣ በ2019፣ የራሱን አምስት ክፍል ያለው ሥራ ጻፈ፤ «ቼርኖቢል»ን። ፍንዳታ ይይዛል ለምትሉኝ፣ ከቼርኖቢል የበለጠ ፍንዳታ ከየት ይመጣል? ሜዚን ምን አደረገ?

መጀመሪያ አንድ ሰው ጠባብ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ድምፁን በካሴት ሲቀዳ ያሳየናል። ሳይንቲስቱ ሌጋሶቭ ነው። ካሴቶቹን ይደብቃል፣ ለድመቱ ምግብ ያስቀምጣል፣ ራሱን ይሰቅላል። ከዚያ ታሪኩ ሁለት ዓመት ከአንድ ደቂቃ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዲት ወጣት ሚስት ሌሊት ተነሥታ ቤቷ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ከበስተኋላዋ በመስኮቱ በኩል፣ በሩቁ፣ ብርሃን ቦግ ይላል። ድምፅ የለም። እሷም አላየችውም። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ቤቱ ይናወጣል።

በዓለም ታሪክ እጅግ የከፋው የኑክሌር ማመንጫ አደጋ በመስኮት በኩል የታየ ቦግታ ሆነ! ይህ ድፍረት ነው፤ ለእኔ ከየትኛውም እሳት ይበልጣል። ምክንያቱም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እኛ የምናውቀውን እሷ አታውቅም። ባሏ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ሊሄድ ነው። ማን ይነግራት?

በነገራችን ላይ እስካሁን የቻናላችን ቤተሰብ ያልሆናችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ሁኑ፤ የደወሏንም ምልክት ተጫኑ። እንዲህ ያሉ ረጃጅም ዝግጅቶችን የምንሠራው በእናንተ ጉልበት ነው።

ወደ ብሬኪንግ ባድ ልመልሳችሁ። ከመክፈቻው ቀጥሎ የምናገኘው ሰው ሚስቱ የቁርሱን ጥብስ በ50 ቁጥር ቅርጽ ደርድራ 50ኛ ልደቱን የምታስታውስለት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ከትምህርት ቤት በኋላ መኪና ማጠቢያ ይሠራል። እዚያም ተንበርክኮ የተማሪውን መኪና ጎማ ሲያሸው ተማሪው ያየዋል። ያ ውርደትና ያ የበረሃው ሽጉጥ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዴት ተገናኙ? ድራማውን የሚጎትተው ይህ ርቀት ነው።

ሆኖም ይህን ድንቅ ክፍል ያየ ሁሉ ያኔውኑ ተያዘ? አልተያዘም። ኔትፍሊክስ በ2015 የበርካታ ድራማዎችን የተመልካች መረጃ አውጥቶ ነበር። መለኪያው እንዲህ ነው፤ አንድን ክፍል ካዩት ሰዎች 70 በመቶዎቹ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከጨረሱ፣ ያ ክፍል «የያዘ» ይባላል። ከመረመራቸው ውስጥ አንድም ድራማ በመጀመሪያው ክፍል አልያዘም። ብሬኪንግ ባድ የያዘው በሁለተኛው ነው። «ሃውስ ኦቭ ካርድስ» በሦስተኛው። «ማድ ሜን» በስድስተኛው! መጀመሪያው ክፍል ቀጠሮውን ያመጣል፤ እሺታው የሚገኘው በቀጠሮው ቀን ነው።

አሁን በአቆጣጠራችን ወደ 2008 ዓ.ም. እንምጣ፤ ቃና ቴሌቪዥን የተጀመረበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች በየቤቱ ገብተዋል፤ «የመጀመሪያው ክፍል ቀዝቃዛ ነው» የሚል ቅሬታም ከእነሱ ጋር ይመጣል። ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም። በቱርክ ጣቢያዎች አንድ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ወደ አጫጭር ክፍሎች ይቆራረጣል። ስለዚህ እኛ ዘንድ «ክፍል አንድ» ተብሎ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ደራሲው ወዳስቀመጠው ጥያቄ ገና መንገድ ላይ ሳለን ነው። ሽማግሌው ቃላቸውን ሳይጨርሱ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ድራማ በአንድ ምሽት አትፍረዱበት፤ ሦስት ክፍል ስጡት፣ ከዚያ ፍረዱ።

እስኪ እናንተም ጻፉልኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን የያዛችሁ ድራማ የትኛው ነው? ስሙን ብቻ ሳይሆን ትዕይንቱን ንገሩኝ፤ ማን ምን ሲያደርግ ነበር የተያዛችሁት? ከምትልኩልኝ አንዱን መርጬ በሚቀጥለው ሳምንት ደቂቃ በደቂቃ እንፈታዋለን።