ውሃው ለካ ይፋጅ ነበር

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮም አለ፤ ደመወዝ ሳይጠይቀኝ አይቀርም።

ያቺ ማታ አልወጣልኝ አለች። ማይኩ ላይ ስስል የምትሰድቡኝ ሰሞን። ለካ ቲቢ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነበር። ሁዳዴ ነው፤ የደብረ ማርቆስን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከቅዳሴ ስመለስ እማየ ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ በሳፋ አቀረበችልኝ። እግሬን ነከርኩ። ልታጥበኝ እጇን ሰደደችና «እፍ!» ብላ መንጭቃ አወጣችው። እጇ ቀልቷል። የእኔ እግር ውሃው ውስጥ ነው። ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«አንተ፣ አይፋጅህም?»

ሳቅኩ። «የጎጃሜ እግር ነው» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ማታ ማታ የሚመጣብኝ ያ ፊቷ ነው።

ጣቶቼን ጉንዳን ሲወራቸው ግን ሰንብቷል። እኔ ቅዳሴ ስለቆምኩ ነው አልኩ። እማየ ብርድ ነው አለች። ለካ ከቲቢ መድኃኒቶቼ አንዱ፣ አይሶኒያዚድ የሚባለው ነው። የቲቢ መድኃኒት 6 ወር ነው፤ መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። አይሶኒያዚድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ። ቫይታሚን ቢ6ን ይሻማል፤ ነርቭ ያለ ቢ6 ይጎዳል። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ይታመማሉ፣ ለዚህ ነው ከእግር ጣት የሚጀምረው። ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ምግብ ያነሰው፣ መጠጥ የሚያበዛ ላይ ይብሳል። እኔ መጠጥ... ሳቁ እንግዲህ። ጾሙ ይሆን? ሽሮ ብቻ ስበላ... አይ፣ በጾም አላሳብብም።

ግን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። መድኃኒት ልወስድ በሄድኩ ቁጥር ሲስተሯ «ሌላ የሚያምህ አለ?» ትለኛለች። «የለም!» እላለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው። ደግሞ አስቁመው ከዜሮ ያስጀምሩኛል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ የእግሬን ነገር ስናገር ማንም አላስቆመኝም፤ ቢ6 ጨመሩልኝና ቀጠልኩ። ያቺን ትንሽ ክኒን ከመጀመሪያው ለምን አልሰጡኝም ብዬ ልናደድ እልና... ሳንባዬን ያዳነው ያው መድኃኒት ነው። በማን ልናደድ?

ተረከዜ ተመልሷል። ጣቶቼ ገና ናቸው። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ አስር እርምጃ ሄጄ ነው የማውቀው። ባለፈው ሰው ጠርቶ ሰጠኝ፣ አፈርኩ።

እማየ አሁንም ውሃ ታቀርባለች። መጀመሪያ የራሷን እጅ ትነክርና ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም... ምን ልል ነበር... ይሄ ዶሮ ደግሞ—